ካሳ፦ በማን ምትክ?

እስቲ ወደ ንባቡ ከመግባታችሁ በፊት መታወቂያችሁን አውጡና ሦስቱንም ስም አንብቡት፤ የራሳችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን። ከሦስቱ አንዱ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሴ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ ወይም ማስረሻ ከሆነ ነገሩ የቤታችሁ ነው። ካልሆነም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ከሦስት ቤት በላይ አትሄዱም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እኛም አንክድም። ብቻ ይህኛውን ስም ያወጣው መልአክ ወደ አራስ ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ለቅሶ ቤት ደርሶ የተመለሰ ይመስለናል። ካሳ ከሚባል ሰው ጀርባ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር አለ። የሞተ፣ የጠፋ፣ የተወሰደ። ስሙ የሚጠራው ያለውን ነው፤ የሚያስታውሰው ግን የሌለውን። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ስም ነው። ሁለት ንጉሠ ነገሥታትና አንድ ታላቅ ራስ ተጠርተውበታል። ስለ ሰዎቹ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተደርድሯል፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ ስሙ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ካሕሰ። የጎደለውን መለሰ፣ የጠፋውን ከፈለ፣ የበደለውን አቃና ማለት ነው። አማርኛ እንደ ልማዱ «ሕ»ዋን ዋጣትና «ካሰ» አለ። ትግርኛ ግን አልዋጠም። «ካሕሳ» ብሎ አቆየው፤ ልጁንም «ካሕሳይ» አለው፤ ካሳዬ እንደማለት። ስለዚህ የጎንደሩ ካሳሁንና የአድዋው ካሕሳይ በስም ወንድማማቾች ናቸው። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቃሉ ሦስት ቤት አለው። አንደኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ያጠፋ ሰው ለተጎዳው የሚከፍለው ካሳ ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። የስቅለት ዕለት ሰባኪው ክርስቶስ ስለ አዳም ካሳ ከፈለ ሲል ስንሰማ ነው ያደግነው። ሦስተኛው የእናት ቤት ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት አዲሱን ልጅ ታቅፋ «ካሳዬ» ትላለች። በአንድ ቃል ውስጥ ዳኛውም፣ ቄሱም፣ እናቲቱም አሉ። እግዜር ወሰደብኝ፤ እግዜር ደግሞ ከፈለኝ ነው ነገሩ። ክስ አለበት፣ ፍርድ አለበት፣ እርቅም አለበት።

ከዚህ አንድ ሥር የበቀለው የስም ዘር ብዙ ነው። ካሳሁን ትእዛዝ ነው፤ ገና ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን «ካሳ ሁን» ተብሎ ሥራ ይታዘዛል። ሴት ስትሆን ካሳነሽ ወይም ካሰች ትባላለች። የጎረቤት ቃላትም አብረው ይሰለፋሉ። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ሞላ፣ ማስረሻ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የልመና ስሞች ይመጣሉ፤ ኑርልኝ፣ ዘለቀ። ኦሮምኛም ዘመዱን ይዞ ይመጣል፤ «ኢዶ» ቦታ ነው፣ ኢዶሳ የሚባለው ልጅም በሌላው ቦታ የቆመ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላይ ሔዋን ሦስተኛ ልጇን ሴት ብላ የጠራችው ቃየል በገደለው በአቤል ፈንታ እግዚአብሔር ሌላ ዘር ስለተካላት ነው። በአማርኛ አጻጻፉ «ሴት» ሆኖ ያሳስቃል እንጂ ትርጉሙን ካየነው ሰውየው ምትኩ ነው። ዮሴፍ በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ሲለው ደግሞ መከራዬን አስረሳኝ ማለቱ ነበር። ምናሴ ማለት እንግዲህ ማስረሻ ማለት ነው። እናቶቻችን በዚህ ነገር ከሔዋን ጀምሮ በመጣ ወግ ነው የሄዱት።

ስም ያልወጣለት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በክርስቲያኑ ልማድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ፎቶ የለውም፣ የልደት ወረቀት የለውም፣ ሐውልት የለውም። እናቱ ካልሆነች በቀር በቁጥር የሚያስገባው እንኳ የለም። «ስንት ወለድሽ?» ስትባል አንዲት አያት «የሞቱትን ጨምሬ ነው ሳልጨምር?» ብላ መልሳ የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያ ሕፃን በዚህ ዓለም ላይ መኖሩን የሚመሰክር ምን ቀረ? አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የታናሽ ወንድሙ ስም። ካሳ የሚባለው ልጅ በቁሙ የሚሄድ የወንድሙ ሐውልት ነው። ከእኛ ከጸሐፊዎቹ መካከል የአያቱ ስም ካሳ የሆነ አለ። ሽማግሌ ዘመዶቹን ሲጠይቅ ከአያቱ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩ አሉት፤ አንዱ ክርስትና ሳይደርስ፣ አንዱ ድክ ድክ ሲል ሞቱ። የሁለተኛው ስም ተነገረው። የመጀመሪያው ስም ግን «ካሳ ነዋ» ተባለ። ስም ያልነበረው ልጅ፣ ካሳ በሚለው ስም ውስጥ እስከዛሬ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ የጥቂት ቤት ወግ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንዱ መሆኑ ነው። ያውም የክትባት ዘመን ከገባ በኋላ! በአያቶቻችን ጊዜ፣ ኩፍኝና ፈንጣጣ እንደፈለጉ በሚገቡበት ቤት ውስጥ የነበረውን እናንተው ገምቱት። አምስት ስድስት በሚወለድበት ቤት አንድ ምትኩ ወይም አንድ ካሳ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ይህን ሁሉ ሐዘን በሁለት ፊደል መያዛቸው ነው።

ስሙ ግን ለሞተ ሕፃን ብቻ አይወጣም። አባቱ ሞቶ በሆድ የቀረ ልጅ ካሳ ሊባል ይችላል። ርስት ተነጥቆ፣ ዘመድ ጦር ሜዳ ቀርቶ በዚያው ዓመት የተወለደም እንዲሁ። ዋናው ነገር ጉድለት መኖሩ ነው፤ ልጁ በሂሳቡ ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ደግሞም ሸክም ነው። ሌላው ልጅ ራሱን ሆኖ ይኖራል፤ ካሳ የሁለት ሰው ኑሮ ይጠበቅበታል።

ሁለቱ ነገሥታት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ስትታመስ፣ ቋራ ላይ የኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስና የወይዘሮ አትጠገብ ልጅ ካሳ ኃይሉ አደገ። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ገና ተማሪ ሳለ የተማረበት ገዳም በጦር ተመትቶ ጓደኞቹ ሲያልቁ እሱ ማምለጡም ይተረካል። ይህን ያህል ሞት አልፎት የሄደ ልጅ ካሳ መባሉ ምን ያንሰዋል?

ሽፍታ ሆነ፣ ደጃዝማች ሆነ፣ ባላንጣዎቹን አንድ በአንድ ጣለ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ደፋ። ያን ዕለት ስሙ ተለወጠ። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ፍትሕ ያመጣል ብሎ የተናገረለት ንጉሥ ስም ቴዎድሮስ ነበርና ካሳ ቴዎድሮስ ሆኑ።

የታሪክ መምህሮቻችን ይህን የትንቢት ነገር ደጋግመው ነግረውናል። የሁለቱን ስሞች ትርጉም ግን ጎን ለጎን አስቀምጠን አይተን እናውቃለን? ቴዎድሮስ በግሪክ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ካሳ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ስጦታ ግን ዕዳ የለበትም። ከካሳ ወደ ቴዎድሮስ መሻገር፣ ከተተኪነት ወደ ተመራጭነት መሻገር ነው። በጎደለ ቦታ የተቀመጠው ልጅ «እኔ በማንም ምትክ አልመጣሁም፤ ተልኬ ነው የመጣሁት» አለ።

ከ17 ዓመት በኋላ ይኸው ነገር ተደገመ። ተምቤን ላይ የምርጫ ልጅ ደጃዝማች ካሳ ተነሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. የእህታቸውን ባል አጼ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ። ስማቸውም ዮሐንስ ተባለ። ዮሐንስ ዕብራይስጥ ሲሆን የእግዚአብሔር ጸጋ እንደማለት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንዱ ካሳ ስጦታ ሆነ፣ ሌላው ካሳ ጸጋ ሆነ። ሁለቱም ዙፋን ላይ ሲወጡ የእናት ቤት ስማቸውን ደጅ ላይ አወለቁት። ንጉሥ የማንም ምትክ ሊሆን አይችልማ!

ሕዝቡ ግን በዚህ አልተስማማም። ዛሬም ፉከራና ቀረርቶ ሲሰማ የሚጠራው «መይሳው ካሳ» ነው። ቴዎድሮስ የዘውዱና የማኅተሙ ነው፤ ካሳ የሕዝቡ ነው። አቤ ጉበኛ ስለ እሳቸው የጻፈውን ልብ ወለድ «አንድ ለእናቱ» ያለውም ያለ ነገር አይመስለንም። ደራሲው ከንጉሡ ይልቅ የእናቱን ልጅ ነበር የፈለገው።

ሁለቱ ካሳዎች የተገናኙበት መንገድ ደግሞ ልብ ያደማል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት የታሰሩ አውሮፓውያንን ሊያስፈታ ሲመጣ፣ በትግራይ መንገዱን የከፈቱለትና ስንቅ እንዲያገኝ የረዱት ካሳ ምርጫ ነበሩ። ተምቤናዊው ካሳ መንገድ ለቀቁ፤ ቋረኛው ካሳ መቅደላ ላይ ተከበቡ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አጼ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ካሳ ምርጫ ለዋሉት ውለታ መድፍና ጠመንጃ አገኙ፤ ያም ጠመንጃ ለዘውዱ ጎዳና ጠረገላቸው። በዘመኑ አስተሳሰብ እንፈርድ ከተባለ ሁለቱ ባላንጣ ገዥዎች ናቸውና ብዙ የሚያስወቅስ ነገር አይገኝበትም። እሳቸውም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ድንበር ሲጠብቁ ወደቁ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ሁለቱም ካሳዎች ለአገር ሞቱ። ለሁለቱም ካሳ የከፈለ የለም።

በተለይ የመቅደላው ዕዳ እስካሁን አልተዘጋም። ከአምባው ጽላቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ሄደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሡን ጸጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። የልጁን አጽም ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ.ም. አልመልስም ብሏል። ጸጉር ተመለሰ፣ ልጅ ቀረ። ካሳ ለሚባል ሰው የሚከፈለው ካሳ እንዲህ ያለ ነው።

ስሙን ያልለወጠው ካሳ

ሦስተኛው ካሳ የሰላሌው ገዥ ራስ ካሳ ናቸው። በ1873 ዓ.ም. ተወለዱ። የሚገርመው የእሳቸውም የአባት ስም ኃይሉ ነው፤ ማለትም ልክ እንደ ቋረኛው ካሳ ኃይሉ። የእኛ አገር አጠራር እንዲህ ነው፤ ስምና የአባት ስም ገጥሞ ሁለት ሰው በመቶ ዓመት ልዩነት ሊምታታ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ «ካሳ ኃይሉ ዳርጌ» እየተባሉ በእናታቸው አባት በራስ ዳርጌ ስም የሚለዩት።

እሳቸው አልነገሡም፤ ስማቸውንም አልለወጡም። ሸክሙም ሙሉ በሙሉ የወደቀው በእሳቸው ላይ ይመስላል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጦር መሩ፣ ተምቤን ላይ ተዋጉ፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። እሳቸው በስደት ሳሉ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሦስት ልጆቻቸውን ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ወንድወሰን በላስታ በኩል ተይዞ ተረሸነ። አበራና አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሰጡና ፍቼ ላይ ተገደሉ። የተረፈው ልጃቸው አስራተ ካሳ ነበር። አባት በኅዳር 1949 ዓ.ም. አረፉ፤ አስራተም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአንድ ሌሊት ከረሸናቸው ባለ ሥልጣናት መካከል ሆነ። ካሳ ተብሎ ለሌላ ጉድለት ክፍያ ሆኖ የመጣ ሰው፣ ጉድለቱ በእጥፍ ድርብ ተመለሰበት።

አገሪቱስ ለዚያ ዘመን ካሳ አገኘች? እስቲ እናስላው። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበችው ሰነድ የሞተባትን ሕዝብ ከ760,000 በላይ አድርጋ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የወሰነው 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማካፈል ለሚወድ፦ ለአንድ ሰው 33 ዶላር ገደማ። ለተቃጠለው ቤት፣ ለታረደው ከብት አንድ ሳንቲም ሳናነሳ! በኋላ በድርድር የተከፈለው ከዚያም ያነሰ ሆነ። በካሳው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። የአዲስ አበባ አምፖል የበራው በከፊል በሙታን ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። መብራቱን አልጠላነውም፤ ግን ስንት እናቶች በዚያ ዘመን ካሳ ብለው ስም እንዳወጡ፣ ያ ስም ከ33 ዶላሩ ይልቅ ለቤቱ እንዴት እንደከበደ ማሰብ አይከፋም።

የገዛ ሕጋችንም ቢሆን ለሐዘን የቆረጠው ዋጋ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዳኛው ከ1,000 በላይ ማለፍ አይችልም። እናቲቱ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድማ የራሷን ፍርድ ሰጥታለች። ካሳዋ ብር አይደለም፤ ሰው ነው።

ካሳ ወይስ ደመላሽ?

ይህን ሁሉ ያወጋነው ለዚህች ጥያቄ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ የሚመርጣቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ደመላሽ ነው። የደም መላሽ፣ ቂም የሚወጣ ልጅ። ይህ ስም «ሂሳቡ አልተዘጋም፤ ይህ ልጅ አድጎ ይዘጋዋል» ይላል። ሁለተኛው ካሳ ነው። ይህ ደግሞ «ሂሳቡ ተዘጋ፤ የተከፈለን ይኸው ነው» ይላል። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ለቅሶ ይወለዳሉ። አንዱ ልጁን ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ሌላው ወደ ፊት።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት በሽምግልናም ያውቁታል። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ ገብቶ፣ ወገን ከወገን ቆጥሮ፣ ካሳ ተከፍሎ «ደም ይደርቃል»። ያልደረቀ ደም ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ካሳ የይቅርታ ሌላ ስሙ አይደለም፤ ይህን ማደባለቅ የለብንም። ካሳ የሚጀምረው በድሎ ነበር ከማለት ነው። ሞተብኝ ሳይባል ተተካልኝ አይባልም። ማስረሻ የሚባል ስም ያለው ቤት ራሱ መቼ ረሳና? ስሙን በጠራ ቁጥር ያስታውሳል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት ስንቱን ቤት እንዳጎደለ እናውቃለን። ውጊያው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ቆመ ተባለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ተጠያቂነት፣ እውነት ማፈላለግ፣ እርቅ ከሚሉት ጋር ካሳን በወረቀት ላይ አስፍሯል። ከላይ ያዙልን ያልናችሁን አሁን አምጡት። ከምሽጉ በዚህ በኩል ካሳሁን፣ በዚያ በኩል ካሕሳይ ነበር። የሁለቱም እናቶች ስሙን ሲያወጡ አንድ ነገር ነበር የጠየቁት፤ ይኼኛው እንኳ ይቅርልኝ። አንዲት እናት በካሳነት የተቀበለችውን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ካጣች፣ በየትኛው ስም ትጠራለች? ካሳ የለሽ ነው ስሟ። በዚያ ጦርነት ማግስት በጎንደርም በመቀሌም ለተወለዱ ወንዶች ልጆች የሚወጣው ስም ካሳ ይሁን ደመላሽ፣ ከማንኛውም ፖሊሲ በላይ የነገዋን አገር ይነግረናል ብለን እናምናለን። እናቶች ካሳ ብለው ስም እንዲያወጡ ደግሞ መጀመሪያ «በድለናል» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ስሙ ወዴት እየሄደ ነው?

የዛሬን ሕፃናት ስም ስንሰማ ካሳን እምብዛም አናገኘውም። ናሆም፣ ኤልያብ፣ ያፌት፣ ናታን ነው የሚበዛው። አንዳንድ ሰዎች ይህን የባህል መጥፋት አድርገው ያዝናሉ። እኛ ግን ከፊሉን ደስ ብሎን ነው የምንሰማው። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166 የነበረው የሞት ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 67 ወርዶ ተገኝቷል። ከስድስት አንድ የነበረው ከአሥራ አምስት አንድ ገደማ ሆነ። ክትባት ይዛ በየበሩ የዞረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንት ካሳ፣ ስንት ምትኩ እንዳይወለድ አድርጋለች! ካሳ የሚል ስም የሚያስፈልገው ቤት ሲቀንስ፣ አገር አደገች ከሚባልባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። 67ም ቢሆን ገና ብዙ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለች እናት ለስታትስቲክሱ መሻሻል እልል አትልም።

ይሁንና አንድ የሚያሳስበን አለ። የእኛ አገር ስም የሚቆየው ሦስት ትውልድ ነው። ካሳ ራሱ አለ፣ ልጁ «እገሌ ካሳ» ይባላል፣ የልጅ ልጁ መታወቂያ ላይ በአያትነት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ከወረቀት ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 32 የቤተሰብ ስም ይኑራችሁ ብሎን ነበር፤ አልሰማነውም። ስለዚህ የአያቱ ስም ካሳ የሆነ ትውልድ ሲያልፍ፣ ያ ስም ያልወጣለት ሕፃን ሁለተኛ ይሞታል።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካ የገባ ሰው የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገብለታል። እዚያ የተወለዱት ልጆች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ «ካሳ» እየተባሉ በትምህርት ቤት ይጠራሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ስሙ ከወረቀት አይወጣም፤ ትርጉሙ ግን ከአፍ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ትርጉሙን እያወቅን ስሙን እናጣለን፣ እዚያ ስሙን ይዘው ትርጉሙን ያጣሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። ካሳ ግን ከመቃብር በላይ የዋለው ለራሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አደራ፤ በቤታችሁ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ ወይም ካሕሳይ ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ በማን ምትክ? መልሱንም ጻፉት። ስም ካለው ስሙን፣ ከሌለው የሞተበትን ዘመንና ቦታ። በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርአን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይሁን፣ በደብተር ይሁን፣ ይጻፍ። ካሳው ኖሮ አርጅቶ አልፏል። የተካሰበት ሕፃን ግን ገና አልተመዘገበም።

ቸር ይግጠመን።